ቲቸር ነገ

ናሊያካ ግሉኮስ የተሰቀለለት ሰው አልጋ አጠገብ ከቆመች ከንፈሯ ሳታዝዘው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ጠብታ ትቆጥራለች። ዘጠኝ ዓመት በነርስነት፣ አምስት ዓመት በአስተማሪነት ያተረፈችው አመል ነው። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ እንኳ በመስኮቱ ላይ የሚወርደውን የዝናብ ጠብታ ስትቆጥር ራሷን ታገኘዋለች።

የዚያን ማክሰኞ ከሰዓት ግን አልቆጠረችም። አልጋው ላይ የተኛችው የገዛ ልጇ ናት። ናንጃላ አምስት ዓመቷ ነው። ትኩሳቱ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ በተነፈሰች ቁጥር ከጎድን አጥንቶቿ መሃል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። ከኪታሌ ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ ከተማ ያለው ሆስፒታል አንድ ሐኪም ነበረው፤ እሱም የሳንባ ምች መሆኑን ተናግሮ፣ መድኃኒት አዝዞ፣ የቀመሰችውን ሁሉ ስለምታስመልስ ግሉኮስ በቀስታ እንዲሰጣት ጽፎ ወደ ማዋለጃ ክፍል ሮጠ። አራት መቶ ሰማንያ ሚሊ ሊትር፣ በስምንት ሰዓት። ናሊያካ ወረቀቱን አይታዋለች። አየችው እንጂ እንደ ነርስ አላነበበችውም። ልጅ የታመመባት እናት ሙያዋ ከራሷ ላይ በኖ ይጠፋል፤ የሚቀራት ሁለት እጅና አንድ ጸሎት ነው።

ግሉኮሱን የሰካችው ደረቷ ላይ «ተለማማጅ» የሚል ወረቀት የለጠፈች ቀጭን ልጅ ነበረች። ደም ሥሩን በአንድ ሙከራ አገኘችው። በቱቦው ላይ ያለችውን መቆጣጠሪያ ጎማ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገች፣ ሰዓቷን አየች፣ ካርዱ ላይ ጻፈች። ልትሄድ ስትል ናሊያካ ልጇን «አይዞሽ የኔ እናት፣ አለቀ፣ አለቀ» ስትላት ሰማች። ቆመችና ዞረች።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ቲቸር ናሊያካ አይደሉም?»

«ነኝ። የት እናውቅ ነበር?»

«እርስዎ አያውቁኝም፣ እኔ ነኝ የማውቅዎት!» ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ጄሮቲች እባላለሁ። የመድኃኒት ስሌትን በሙሉ በእርስዎ ቪዲዮ ነው የተማርኩት። ድምፅዎን ስሰማ ደነገጥኩ። በአካል ሲያወሩ ግን ቀስ ይላሉ።»

«ቀስ?»

«እኛ በአንድ ተኩል ፍጥነት ነዋ የምናይዎት! አንዳንዱማ በእጥፍ ነው፤ እንደ ጫጩት ነው የሚንጫጩት።»

ከጎን አልጋ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠች ወፍራም ሴት በሳቅ ፈነዳች። የባራሳ እናት ይሏታል፤ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ትሸጣለች። «አንቺ የናንጃላ እናት፣ ለካ ቴሌቪዥን ላይ የምትወጪ ሰው ነሽ! እኛ አብረንሽ ሽንት ቤት ስንሰለፍ!»

«ቅጽል ስምም አውጥተንልዎታል» አለች ጄሮቲች አፍራ እየሳቀች። «አይቆጡም? ቲቸር ነገ ነው የምንልዎት።»

«ለምን ነገ?»

«ቪዲዮው ሲያልቅ ሁልጊዜ ‹የቀረውን ነገ እነግራችኋለሁ› ይላሉ። ነገ ግን የለም። ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ምዕራፍ ነው።»

ናሊያካ ፈገግ አለች። ፈገግታው ከፊቷ ሳይወርድ ዓይኗ ወደ ላይ ወጣ፤ አሮጌው አመል ተመለሰና ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ቀጭኗ ቆጣሪ አንዴ ስትዞር ስልሳ ቆጠረች። ስልሳ። ምናልባት የልጆች ቱቦ ይሆናል ብላ ቀረብ አለች። የልጆች ቱቦ ጠብታው የሚወርደው ከቀጭን መርፌ ጫፍ ነው፤ እንደ ጤዛ ያነሰ ነው። ይሄ መርፌ የለውም። ጠብታው እንደ ባቄላ ይወፍራል። የአዋቂ ቱቦ ነው።

በአውራ ጣቷ ጎማዋን ወደ ታች ጨፈለቀቻት። ጠብታው ቆመ።

«አንድ ሚሊ ሊትሩን በስንት ጠብታ ነው ያሰላሽው?» ድምፅዋ አልጮኸም፤ ግን የባራሳ እናት ሳቋን ዋጠች።

«በ… በስልሳ።»

«ለምን በስልሳ?»

«ልጅ ናት እኮ ቲቸር። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። ‹ልጅ ከሆነ ስልሳ፣ አዋቂ ከሆነ ሃያ፣ አትርሱ።› ፈተናም ላይ መጥቶ አግኝቼዋለሁ።»

ናሊያካ ልጅቷን በጥፊ ማለት አማራት። እውነት ነው፣ እጇ ተነስቶ ነበር። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የፈሰሰው፤ ሳንባዋ ውሃ የማይሸከም ልጅ ላይ ሐኪሙ ካዘዘው ሦስት እጥፍ እየፈሰሰ ነበር። ማንም ባያየው ኖሮ በስምንት ሰዓት ማለቅ ያለበት ከሦስት ሰዓት ባነሰ ያልቃል፤ ናንጃላም በገዛ ደረቷ ውስጥ ትሰጥማለች። የተነሳውን እጇን ወደ ልጇ ግንባር መለሰችው።

«ከዚያ ቪዲዮ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜስ? ሁለቱን ቱቦ ይዤ ውሃ የማንጠባጥብበት? ‹ታማሚውን ሳይሆን ቱቦውን እዩ› የምልበት?»

«የምን ቱቦ?» አለች ጄሮቲች። «ቪዲዮ አሥራ ሁለት እሱ ነው። አሥራ ሦስት ስለ ቁስል ማጠብ ነው። የልጆች ቱቦ የሚባል እኔ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እዚህ ያለውም ይሄ ብቻ ነው፤ የልጆቹ ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል አሉኝ።»

ጎማዋን ራሷ ናሊያካ ከፈተቻት፤ በደቂቃ ሃያ አድርጋ። ከዚያ «ስልክሽን አምጪው» አለች።

በተሰነጠቀው መስታወት ላይ ፊቷ መጣ። የዛሬ አምስት ዓመት፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ በወረርሽኙ ተዘግቶ እያለ፣ መኝታ ቤቷ ውስጥ። ከጀርባዋ አንሶላ በሚስማር ተሰቅሏል፣ ሰሌዳዋ የልብስ ሳጥን ላይ ተደግፏል። የምታስተምርበት የነርሶች ኮሌጅ ኤልዶሬት ነበር፤ አለቆቹ በስልክ «ለጊዜው ነው፣ ለሁለት ወር ብቻ፣ እስኪከፈት ድረስ የሆነ ነገር ቅረጹልን» ብለው ለመኗት። ሃያ አራት ቪዲዮ ቀረጸች። በአሥራ ሁለተኛው ላይ፣ ገና «ልጅ ከሆነ ስልሳ» እንዳለች፣ ከአንሶላው ኋላ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። የአራት ወር ሕፃን። ቪዲዮው ውስጥ ያለችው ናሊያካ አንዴ ዞር አለች፣ ሁለቴ ዞር አለች፣ ከዚያ ጠመኔዋን አስቀመጠች። «በሉ፣ የቀረውን ነገ እነግራችኋለሁ» አለችና እጇን ወደ ካሜራው ዘረጋች። ጨለመ።

የምታለቅሰው ሕፃን ናንጃላ ነበረች።

በማግስቱ ደግሞ ተማሪዎቿን በስልክ ሰብስባ የቀረውን ነግራቸው ነበር። ያኛው አልተቀረጸም። ኮሌጁ ሲከፈትም ሁለት ዓመት በዚሁ መልክ ሠራች፤ ተማሪዎቹ ማታ ቪዲዮውን ያያሉ፣ ጠዋት እሷ ሁለቱን ቱቦ በሚስማር ሰቅላ ከፊታቸው ታንጠባጥባለች። ውሃው መሬቱን ያረጥበዋል፣ ይስቃሉ፣ ያስቆጠረቻቸውን ግን ዕድሜ ልካቸውን አይረሱም። ከዚያ አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። ትምህርቱ በሙሉ ኦንላይን ስለሆነ፣ ቪዲዮዎቹም ስላሉ፣ የእሷ አገልግሎት አያስፈልግም። ያኔ አልቅሳ፣ ተሳድባ፣ ጎረቤት «ተይው፣ እግዜር ሌላ በር ይከፍታል» ሲላት ተወችው። መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። ፊቷን ይዘውት ቀሩ። ድምፅዋን ይዘውት ቀሩ። እሺ ብላ ነበር። ዛሬ ግን ያ የቀረው ፊቷ ተመልሶ በልጇ ደም ሥር ገባ።

«ስንት ናችሁ?» አለች።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት። ሰኞ ነው ልምምድ የጀመርነው። በየወረዳው ተበትነናል፤ እስከ ሎድዋር ድረስ።»

ናሊያካ ስልኩን መለሰችላት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው በእሷ አፍ «ልጅ ከሆነ ስልሳ» እያለ፣ የልጆች ቱቦ በሌለበት አገር በየልጁ አልጋ ዳር ቆሟል።

በዚያው ሰዓት ለኮሌጁ ደወለች። የተቀረጸች ሴት አነሳች። «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው።» ትንሽ ቆይታ ደወለች፤ ክቡር ነው። እንደገና ደወለች፤ አሁንም ክቡር ነው። ደብዳቤም በኢሜይል ጻፈች፤ ወዲያው መልስ መጣላት፤ መልሱ ጥያቄዋ በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚታይ የሚናገር ነበር። አሥራ አምስት የሥራ ቀን! ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው።

«በስመ አብ!» አለች የባራሳ እናት። «ልጅሽን ልትፈነክቻት ነው? ይልቅ ነይና የእኔንም ልጅ ተመልከችልኝ። ያቺ ሕፃን ነርስሽ የሱንስ በምን እንደሞላችው ማን ያውቃል?»

ናሊያካ ሄዳ ቆጠረች። ስልሳ። ከዚያ ከአልጋ ወደ አልጋ አለፈች። ክፍሉ ውስጥ ግሉኮስ የተሰቀለላቸው ስድስት ልጆች ነበሩ፤ ባራሳን ጨምሮ ሦስቱ በስልሳ ይሄዱ ነበር። ጄሮቲች ከኋላዋ እየተከተለች፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ጎማዎቹን አስተካከለች። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣና ሦስቱንም አዳመጠ፤ ደህና ናቸው አለ። ናሊያካ የባራሳን እናት አስቀምጣ የሰዓቱን ቀጭን ቆጣሪ አሳየቻት። አንድ ዙር፣ ሃያ ጠብታ።

«ማንበብ የጀመርኩት አምና ነው፤ ገና ስሜን ስጽፍ ምላሴ ይወጣል» አለች የባራሳ እናት። «መቁጠር ግን ተይው። ከገበያ ውስጥ አንድ ቲማቲም የሚሸውደኝ ሰው አልተወለደም። ሂጂ፣ የምትሄጂበት ሂጂ። የሁሉንም ልጅ ጠብታ እኔ እቆጥራለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት የናንጃላ ትኩሳት በረደ፤ ሁለት ማንኪያ ገንፎ ቀመሰች። ናሊያካ ልጇን ለባራሳ እናት አደራ ብላ፣ ከመድኃኒት ቤቷ ሁለት ቱቦ፣ አንዱን የልጅ አንዱን የአዋቂ፣ ከግሉኮስ ከረጢቶች ጋር በፌስታል ይዛ ወጣች። ጄሮቲች በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«የእኛ የተማሪዎቹ የስልክ ግሩፕ ውስጥ አስገብቼዎታለሁ» አለች። «ሌሎቹም በስልሳ ሠርተው እንደሆነ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። ግን ቲቸር፣ ኮሌጁ ካወቀ ያባርረኛል። እናቴ በቆሎ ሸጣ ነው የምታስተምረኝ።»

«አንቺ የፈለግሽውን አድርጊ። ስምሽ ከእኔ አፍ አይወጣም» አለቻትና ማታቱ ላይ ወጣች።

የኦንላይን ትምህርት ኃላፊው አቶ ቱዌይ ይባላል። ጠረጴዛው ላይ በወርቅ የተለበጠ ዋንጫ ቆሟል፤ «በኦንላይን ትምህርት ጥራት ተሸላሚ» ይላል። ሰውየው ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ጥሩ የሚያወራ፣ እንግዳ ሲገባ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ነው። ሻይ በወተት አስመጣላት። ታሪኩን ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት።

«መዳም ናሊያካ፣ ልጅዎ ስለተሻላት እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «ግን አንድ ነገር ላስታውስዎት። ቪዲዮ አሥራ ሁለት ከሁሉ የተወደደው ነው። ተማሪዎች ከአምስት አራት ነጥብ ሰባት ሰጥተውታል። አንድም ቅሬታ የለም።»

«ቅሬታ የሚያቀርበው ማን ነው? የሚሞተው ሕፃን?»

«እንደሱ አይበሉ። ጉዳዩን ለጥራት ኮሚቴው አቀርበዋለሁ። ኮሚቴው ነሐሴ ላይ ይሰበሰባል።»

«አሁን ግንቦት ነው!»

«ሥርዓት አለ፣ መዳም። ለጊዜው ከቪዲዮው ሥር አንድ ማስታወሻ እናስጽፋለን።»

«በእጥፍ ፍጥነት የሚያይ ሰው ማስታወሻ ያነባል? እዚያው ሥራቸው ላይ ሳሉ፣ ሞተር ሳይክል ኋላ ተፈናጠው፣ አንዱን ጆሮ ዘግተው ነው የሚሰሙኝ! ያንሱት። ዛሬ ያንሱት። ወይ ቀጣዩን ልቅረጽ፤ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ በነጻ።»

አቶ ቱዌይ ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ፤ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ለካ ኢሜይሏን አንብበውታል። «ይኼማ ጥሩ ሐሳብ ነው። እቺን ብቻ ይፈርሙልን፤ ስቱዲዮው ሰኞ ክፍት ነው።»

ናሊያካ አነበበች። ቀስ ብላ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበች። ቪዲዮ አሥራ ሁለት የተጓደለው በአስተማሪዋ የግል ቸልተኝነት፣ ማለትም በቀረጻ ሰዓት ልጅዋን ለማባበል ሥራዋን በማቋረጧ መሆኑን አምናለች። ኮሌጁን በምንም አትጠይቅም። ጉዳዩንም ለሦስተኛ ወገን አትናገርም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው። ደሟ ከእግሯ ወደ ራሷ ሲወጣ ታወቃት።

«ልጄን አነሳሁ» አለች። «የአራት ወር ልጅ ስታለቅስ ያላነሳች ናት አስተማሪ? የቀረውን ነገ አልኩ፣ በነጋው አስተማርኩ። ሁለት ዓመት በየነጋው አስተማርኩ። እናንተ ዛሬዬን አስቀርታችሁ ነገዬን አባረራችሁት። አሁን ደግሞ ጥፋቱ የልጄ ለቅሶ ነው?»

«መዳም፣ ድምፅዎን ይቀንሱ፤ ጎረቤት ቢሮ…»

ስልኳ ጮኸ። ከዚያ ደግሞ ጮኸ። ከዚያ ማቆሚያ አጣ። ናሊያካ አየችው። ጄሮቲች ግሩፑ ውስጥ በስሟ ጽፋለች፦ «እኔ በአዋቂ ቱቦ ላይ በስልሳ ሠርቻለሁ። አራት ልጆች ላይ። ሌላ ማን አለ?» ከሥሩ የድምፅ መልእክቶች ተደርድረዋል። ናሊያካ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አንድ በአንድ ከፈተቻቸው።

«እኔም። ካፔንጉሪያ ሆስፒታል ነኝ። ሁለት ልጆች፤ ሲኒየር ነርሷ አይታ ቀነሰችው፣ ሰደበችኝ፤ ምክንያቱን ግን አልነገረችኝም።»

«እኔ አንድ። ልጁ ደህና ነው። ጎበዝ፣ ቲቸር ነገ ስልሳ አላለችም እንዴ?»

«ቆይ፣ ቱቦ ሁለት ዓይነት ነው? እየቀለዳችሁ ነው?»

ከዚያ ድምፁ የሚቆራረጥ አንድ ወንድ ልጅ፦ «ሎድዋር አካባቢ ጤና ጣቢያ ነኝ። ትናንት ነው። ሕፃኑ ዓይኑ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠረው። ሐኪሟ ነቅላ አዳነችው። ሌሊቱን ሙሉ ምን እንዳጠፋሁ ሳስብ ነው ያደርኩት። በእናታችሁ፣ ማን ነው የሚነግረኝ፣ ምን አጠፋሁ?»

አቶ ቱዌይ ከረባቱን ላላ አደረገ። ለአንድ አፍታ ናሊያካ የሰው ፊት ያየች መስሏት ነበር። ከዚያ ተናገረ።

«ይኼ ግሩፕ ዛሬውኑ መዘጋት አለበት» አለ። «መዳም፣ ገባዎት? ይኼ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ፈቃዳችን…»

ናሊያካ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ተነሳች። የአቶ ቱዌይን ኮት ከመስቀያው አንስታ ሶፋው ላይ ጣለችው፤ በቦታው ሁለቱን የግሉኮስ ከረጢቶች ሰቀለች፤ ሁለቱን ቱቦዎች ሰካች። ስልኳን ከሽልማቱ ዋንጫ ጋር አስደግፋ ወደ ራሷ አዞረችው። ቀዩን የመቅረጫ ምልክት ነካች።

«ምን እያደረጉ ነው? ይኼ እኮ ቢሮ ነው! ምንጣፉ!»

«ክፍል ውስጥ ነን፣ አቶ ቱዌይ» አለች ሳትዞር። «ጥያቄ ካለዎት እጅዎን ያውጡ።»

እሷ ወደ ስልኩ ዞረች። ፀጉሯ አልተሠራም፤ የለበሰችው ሦስት ቀን ሆስፒታል ያደረ ሹራብ ነው። ድምፅዋ ግን ያው ነበር።

«ናሊያካ ነኝ። ቲቸር ነገ ትሉኝ የለ? የዛሬ አምስት ዓመት የቀረውን ነገ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ይኸው። አሁን የማሳያችሁን በእጥፍ ፍጥነት አትዩት። ቁጥሩን ከእኔ ጋር ቁጠሩ።»

ሁለቱንም ጎማ እኩል ከፈተች። ውሃው በምንጣፉ ላይ መንጠብጠብ ጀመረ፤ በቀኝ እንደ ጤዛ፣ በግራ እንደ ባቄላ።

«ይኼ የልጆች ቱቦ ነው፤ ውስጡ መርፌ አለው። ስልሳው ነው አንድ ሚሊ ሊትር የሚሞላ። ይኼ የአዋቂ ነው፤ መርፌ የለውም። ሃያው ብቻ ይሞላል። እኔ ‹ልጅ ከሆነ ስልሳ› ያልኳችሁ ይኼኛው በእጃችሁ ካለ ነው። እናንተ ያላችሁበት ቦታ ግን የልጆቹ የለም፤ አውቃለሁ። ስለዚህ ልጅ አልጋው ላይ ቢተኛም ቱቦው የአዋቂ ከሆነ በሃያ ነው የምታሰሉት። ታማሚውን ሳይሆን ቱቦውን እዩ። ታማሚውን ሳይሆን ቱቦውን እዩ። አሁን ስልኩን አስቀምጡና ያላችሁበት ክፍል ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ልጅ ጠብታ ሄዳችሁ ቁጠሩ። የተነፋ፣ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ካያችሁ ዝጉት፣ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ሐኪም ጥሩ። እንዳትፈሩ። እንዳትደብቁ። የሎድዋሩ ልጄ፣ ያጠፋኸው ነገር የለም፤ ያልተነገረህን ነው ያላወቅከው። የቀረ ነገር የለም። ጨርሻለሁ።»

ዘጋችውና ላከችው። ዞር ስትል የአቶ ቱዌይ ዓይን ከግራው ቱቦ ላይ አልተነቀለም ነበር። ከንፈሩ ሳያዝዘው ይንቀሳቀሳል። ይቆጥራል።

«ስንት ደረሱ?» አለችው።

«አሥራ… አሥራ ሰባት» አለ ሳያስብ። ከዚያ ደንግጦ አፉን ዘጋ።

ያልተፈረመውን ወረቀት ከሚንጠባጠበው ውሃ ሥር አስቀምጣለት ወጣች።

በዚያው ማታ ቪዲዮ አሥራ ሁለት ያለ አንድ ቃል ከኮሌጁ ገጽ ጠፋ። የይቅርታ ደብዳቤ አልመጣም፤ ማስፈራሪያ ግን መጣ፤ በኮሌጁ ስምና ንብረት ያለ ፈቃድ ተጠቅመዋል የሚል፣ የጠበቃ ማኅተም ያለበት። ናሊያካ አንብባ ከመድኃኒት ቤቱ ደረሰኞች ጋር በሚስማር ላይ ሰካችው። ጄሮቲች ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ አልተባረረችም ግን። አራት መቶ አሥራ አንድ ሰው «እኔም ጽፌያለሁ፣ እኔንም አባሩኝ» ብሎ ስለፈረመ ሊያባርሯት አልቻሉም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጄሮቲች እያለከለከች ናሊያካ ቤት ደረሰች። በር እንኳ አላንኳኳችም።

«ቲቸር! ሰረቁዎት! አሁንም ሰረቁዎት እኮ!»

ስልኩን ዘረጋችላት። ቪዲዮ አሥራ ሁለት ወደ ቦታው ተመልሷል። መኝታ ቤቱ፣ አንሶላው፣ ሰሌዳው እንዳለ ነው። «የቀረውን ነገ እነግራችኋለሁ» ስትል ጨለመና ወዲያው በራ፤ ሁለት ከረጢት የተንጠለጠለበት የኮት መስቀያ መጣ። ከግሩፑ ላይ አውርደው ቀጥለውታል። የአቶ ቱዌይን ድምፅ ቆርጠው አውጥተዋል። «ጥያቄ ካለዎት እጅዎን ያውጡ» የሚለውንም ቆርጠዋል። «የሎድዋሩ ልጄ» የሚለውንም። ስሟንም። አንድ ጊዜ አልጠየቋትም።

ናሊያካ ቁጭ አለች። ንዴቱ እንደገና ከእግሯ ተነስቶ ወደ ላይ መጣ። ሁለተኛም ፊቷን ይዘው ቀሩ። ጠበቃ መያዝ ነበረባት፣ ጋዜጣ መጥራት ነበረባት፣ ሄዳ ያንን ዋንጫ ከመስኮት ውጭ መወርወር ነበረባት። ከሰኞ ጀምሮ አንዱን ታደርጋለች፤ ጄሮቲችን ምስክር ትሆኚኛለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ እሷም ሳታቅማማ «እሆናለሁ» አለች። ግን ደግሞ ቪዲዮው አሁን ሙሉ ነው። ለሚመጣው ዓመት፣ ከዚያም ለሚመጣው፣ ስሟን ለማያውቅ ልጅ ሁሉ ሙሉ ነው። ይኼን ማሰቧ ራሱ አናደዳት። መልካሙን ነገር እንኳ ከእጇ ነጥቀው ነው የሠሩት።

ናንጃላ ከወለሉ ላይ ተነስታ መጣችና በሁለቱ መሃል ገባች። ስልኩን ወደ ራሷ ጎተተችው። ቪዲዮው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበር።

«ማን ናት የምታለቅሰው?» አለች።

«አንቺ ነሽ።»

ናንጃላ ግንባሯን ቋጥራ አዳመጠች። ለቅሶው እየጨመረ ሄደ። ስልኩ ውስጥ ያለችው እናቷ አንዴ ዞር አለች፣ ሁለቴ ዞር አለች።

«ለምን አላነሳሽኝም?»

«አነሳሁሽ እንጂ» አለች ናሊያካ። «ቆይ፣ አሁን ታያለሽ። ጠመኔውን ሳስቀምጥ እይ።»